ግድግዳውን ክፍት የተዉት የእህታችን የእታለም የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከጀልባ ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ወደቡ ቁልቁል በሚታይበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በመጋቢት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የተወለድነው ሁሉ «እታለም» እያልን ስለጠራናቸው፣ ጎረቤቱም፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውም፣ ኋላ የመሥሪያ ቤት አለቆቻቸው ሳይቀሩ በዚሁ ጠሯቸው። እዚህም በዚሁ እንጠራቸዋለን፤ ሌላው ስማቸው ለደመወዝ መክፈያ ብቻ ያገለገለ ነው።

አባታችን ተጎትተው የወጡ ጀልባዎችን ቀዳዳ የሚፈልጉት በመዳፋቸው ነበር። እታለም ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ለትልቅ ሰው በማይበቃው የጀልባ ሆድ ውስጥ እሳቸውን ማስገባት ጀመሩ። ከውጭ ሆነው «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ዓይን ይቸኩላል፣ እጅ ግን ይጠይቃል» ይሏቸዋል። እናታችን ደግሞ በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን አይጥ አደረግሃት እኮ!» ይጮኻሉ። ይህ ጭቅጭቅ ሁለቱም እስኪያልፉ ድረስ አልበረደም። የእታለም እጅ ግን ሥራውን የተማረው እዚያ ጀልባ ሆድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወደብ ሠራተኞች ሰፈር ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1965 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1969 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት በማዕረግ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በቅርስ ጥናት ተቋም ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ ሌሎች ከባሕር ያወጡትን ገል በገንዳ ዘፍዝፎ ጨው ማስለቀቅ ነበር። ከታሪክ ክፍል በማዕረግ የወጣችን ሴት ለአራት ዓመት ሸክላ አሳጠቧት። መጥለቅ እፈልጋለሁ ባሉ ቁጥር የያኔው የክፍል ኃላፊ «ሴት ልጅ ባሕር ውስጥ ምን ጠፋባት?» ይሉ ነበር። እታለምም «እኔስ ምንም አልጠፋብኝም፤ የጠፋባችሁን ላፈላልግላችሁ ብዬ ነው» ብለው መለሱ። በ1973 ዓ.ም. የጠላቂነት ፈቃዳቸውን አገኙ። ከዚያ ወዲህ ገል ያጠበላቸው ሌላ ሰው ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከወደቡ ብረት በያጅ ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት በሥራ ነው። ጠላቂዎች የባሕር ወለሉን በካሬ በካሬ ከፍለው የሚቆፍሩበት የብረት ፍሬም አለ፤ እሱን እታለም ብየዳ ቤት አዘው፣ ልክ አይደለም ብለው ሁለቴ መለሱት። በሦስተኛው ፍሬሙ ልክ ሆነ። ባለቤታቸው እስኪያርፉ ድረስ «ልክ በመሆኑ ተናደድሁ፤ በምን ሰበብ ልመለስ?» እያሉ ያጫውቱን ነበር። ሰበብ አላጡም። ዛሬ የጥርስ ሐኪም የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የከተማ አውቶቡስ የሚያሽከረክረውን ወንድ ልጃቸውን አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

አሁን ወደ ሥራቸው እንምጣ። ስለ ሥራቸው ብዙ ተወርቷል፤ አብዛኛው ውሸት ነው። ውሸቱን የነዙት ሰዎችም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። እንኳን መጣችሁ።

በ1988 ዓ.ም. ወደቡ አፍ ላይ መልሕቁን የነቀለ መርከብ፣ የተጠረበ የበር ደፍ አብሮ ስቦ አወጣ። ደፉ መሃሉ ላይ በእግር ብዛት ተቦርቡሮ ነበር። ከሥሩ በስምንት ሜትር ጥልቀት፣ በማን ዘመንና በምን ምክንያት እንደሰመጠ እስካሁን ያልታወቀ ሰፈር ተገኘ። ግድግዳ፣ ደረጃ፣ መደርደሪያ፣ አፋቸው የታሸገ እንስራዎች። ይህን ያህል ዘመን ውሃ ሲመታው አንድም እንስራ ከመደርደሪያው አልወደቀም።

የወደቡን ውሃ ለማታውቁ፦ ወንዙ ጭቃውን ሁሉ እዚያ ይደፋል። ጥቁር ነው እንዳንል ጥቁርም ቀለም ነው። እጅን መነጽር ላይ ቢለጥፉት አይታይም፤ የእጅ ባትሪ ቢያበሩ ብርሃኑ ራሱ ጭቃ ይሆናል። ጠላቂ የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው። እታለም ያንን ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመዳሰስ ለኩት፤ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ሳሉት። በሩን፣ መዝጊያው የዞረበትን ጉድጓድ፣ ልጆች የተቀመጡበት የሚመስለውን ዝቅ ያለ ድንጋይ አንድ በአንድ በጣታቸው ያውቁት ነበር። ልጆቻቸው ሥራቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው «ሳላንኳኳ ሰው ቤት እገባለሁ» ይሏቸው ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር።

ግድግዳ የሚለካው በጥንድ ነው። ሁለት ጠላቂዎች ከሁለቱ ማዕዘኖች ይነሣሉ። እያንዳንዳቸው የሜትራቸውን ጫፍ ማዕዘኑ ላይ አስረው፣ ጥቅሉን እየፈቱ፣ አንድ እጃቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ ወደ መሃል ይሄዳሉ። እርስ በርስ ስለማይተያዩ መገናኘታቸውን የሚያውቁት እጅ ከእጅ ሲነካካ ነው። አንደኛው የሌላውን እጅ ሁለት ጊዜ ይጨብጣል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። «ደረስሁ፤ እዚህ ይዘጋ» ማለት ነው። ከዚያ የሜትር ጥቅላቸውን በቀለበት አቆላልፈው ይወጣሉ። የተዘጋ ልኬት በአንድ ሰው አይከፈትም፤ እንደገና መለካት ካስፈለገ ሁለቱም ይወርዳሉ። ሕጉን እታለም አላወጡትም። በዓለም ላይ በጭቃ ውሃ የሚለካ ሁሉ የሚሠራበት ነው።

የእሳቸው ጥንድ በዕድሜ የሚያንሷቸው ባልደረባቸው ነበሩ። ጀልባ ላይ ሻይ ሲጠጡ እንኳ ጓንታቸውን ስለማያወልቁ «ጓንቴ» ይባላሉ። እታለም ደግሞ ቀኝ እጃቸውን ራቁቱን ትተው ነበር የሚሠሩት። «ጓንት ለብሶ መዳሰስ በመጋረጃ ውስጥ እንደማየት ነው» ይሉ ነበር።

በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ በሰመጠው ሰፈር ሰሜናዊ ጫፍ ያለውን ረጅም ግድግዳ ለመለካት ሁለቱ ወረዱ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት ከላይ በተንሳፋፊ ምልክት ተለክቶ ሃያ ስድስት ሜትር እንደሆነ ይታወቃል። ታች የሚለካው ግድግዳው ራሱ ነው፦ የት ይቆማል፣ የት በር አለው፣ የት ይፈርሳል። እታለም ከምሥራቅ ጀመሩ። ዘጠነኛው ሜትር ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ሌላ እጅ ነካ። ሁለት ጊዜ ጨበጡ። ሁለት ጊዜ ተመለሰላቸው። የሜትራቸውን ጥቅል በቀለበቱ በኩል ዘረጉ፤ ከእጃቸው ተቀበሏቸው። ልኬቱ ተዘግቷል ብለው ወጡ።

መሰላሉ ላይ ሲደርሱ ጓንቴ ጀልባው ውስጥ ተቀምጠዋል። ልብሳቸው መንጠፍ ጀምሯል።

«ጎበዝ፣ ፈጥነሃል» አሉ እታለም።

«ጆሮዬን አሞኝ ቶሎ ወጣሁ። ምንም አልለካሁም» አሉ ጓንቴ።

የጠላቂዎቹን ገመድ የሚይዙት ሽማግሌ እታለም ሲወጡ ከማዕዘኑ ፈትተው ያመጡትን የሜትር ጫፍ ወደ ላይ ሊጠቀልሉት ይስቡ ነበር። «ልጄ፣ ማነው የያዘብሽ?» ብለው ሳቁ። ሜትሩ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ነበር። ሦስተኛ ሲስቡት ላላ፤ መጣ። ጥቅሉና ቀለበቱ አልነበሩም። እታለም ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። የጨበጡት እጅ ጓንት እንዳልነበረው፣ እንዳልቀዘቀዘም፣ ያን ጊዜ ነው ያስታወሱት።

ወዲያው የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ። መንፈስ አላሉም፤ ሙት አላሉም፤ እጅ ነው ያሉት። ግድግዳውንም በንድፉ ላይ ከምሥራቅ እስከ ዘጠነኛው ሜትር ሳሉትና ክፍት ተዉት። «ከዚህ ወዲያ እኔ አልዳሰስሁም» አሉ። አለቀ። ሳይንስ ማለት ይኼው ነው፤ የነኩትን ነካሁ፣ ያልነኩትን አልነካሁም ማለት።

ተቋሙ ግን የሚፈልገው የተዘጋ ግድግዳ ነበር። ምክንያቱን እናገራለሁ፤ በሹክሹክታ የምታውቁትን ጮክ ተብሎ ሲነገር ስሙት። ግድግዳው ድፍን ከሆነ ሰፈሩ እዚያ ያልቃል፤ የወደቡ ቆፋሪ መርከብ ከግድግዳው በስተሰሜን ያለውን ወለል ጠርጎ ለትልልቅ መርከቦች መንገድ መክፈት ይችላል። ግድግዳው ክፍት ከሆነ ግን በር ሊሆን ይችላል። በር ካለ መንገድ አለ፤ መንገድ ካለ ቤት አለ። የማይታወቅ ነገር ያለበትን ወለል መቆፈር በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ የተቋሙ ዳይሬክተር የድምፅ ሞገድ መሣሪያ አስመጡ። መሣሪያው የሰፈሩን ቤት ሁሉ አነሣ፤ ያ ግድግዳ መሃሉ ላይ ሲደርስ ግን ምስሉ ባዶ ሆነ። ሁለቴ ሞከሩ፤ ሁለቴ ባዶ። ባለሙያው «ጭቃ ይሆናል» ብለው ሄዱ። ዳይሬክተሩ በጠረጴዛቸው ላይ ማስመሪያ አነሡና የጎደለውን በአንድ መስመር ሞሉት። በዓለም ታሪክ በማስመሪያ የተገኘ የመጀመሪያው ቅርስ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ንድፉ የሚጸናው ግድግዳውን ለመለካት የወረዱት ሁለቱም ጠላቂዎች ሲፈርሙበት ነው። ጓንቴ ፈረሙ። እታለም አልፈረሙም።

ያን ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መጀመሪያ «የጥልቀት ስካር ነው» ተባሉ። ጠላቂን ጥልቀት የሚያሰክረው ሠላሳ ሜትር ገደማ ሲወርድ ነው፤ በስምንት ሜትር የሰከረ ጠላቂ ካለ ከመውረዱ በፊት የጠጣ ነው። ቀጥሎ «ገመድ ነክተው ይሆናል» ተባለ። ሁለት ጊዜ ሲጨብጡት ሁለት ጊዜ የሚመልስ ገመድ ካለ ተቋሙ ያሳየን። ከዚያ «የሴት ነገር»፣ ከዚያ «ዕድሜ»፣ ከዚያ «ባሏ ታሞባት ስለተጨነቀች»። አንድ የተቋሙ ሊቅ በስብሰባ ላይ ተነሥተው «እታለም፣ እጁ ጥፍሩን ተቆርጧል ወይ?» ብለው አዳራሹን አሳቁ። እታለም ምን አሉ? «እጅዎን ያምጡና ላስተያየው።» ሊቁ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ማንም እጁን ጠረጴዛ ላይ አላወጣም አሉ።

ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከመጥለቅ ታገዱ፤ ወደ ገንዳው፣ ወደ ገል አጠባው ተመለሱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ደጋግመው ወርደዋል፤ እስከ ዘጠነኛው ሜትር እየሄዱ ይቆሙ ነበር። ለምን አላለፉም ለሚሉ፦ ፈርተው አይደለም። የተዘጋ ልኬት በአንድ ሰው አይከፈትም። ጓንቴን «ና፣ አንተ ከምዕራብ ተነሣ፤ አብረን እንክፈተው» ብለው ለመኗቸው። ጓንቴ በየጊዜው ጆሯቸውን ታመሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ጆሮ ግን እጅግ የቅርብ ዘመድ ሆኖ አገልግሏቸዋል።

የሰሜኑ ወለል ግን አልተቆፈረም። ቆፋሪው መርከብ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምሰሶው ላይ ታስሮ ዝጓል። ያሰረው የአንዲት ገል አጣቢ ፊርማ አለመኖር ነው። እታለም በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ዳይሬክተሩ ቤታቸው ድረስ መጥተው ነበር። በሩ ላይ ቆመው «እታለም፣ አንድ መስመር እኮ ናት» አሏቸው። «አዎ፣ አንድ መስመር ናት። ለዚህ ነው የማልሰጥዎት» ብለው ሻይ ቀዱላቸው።

እህታችን በ2012 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው መታከም ጀመሩ። በዚህ ዓመት በሚያዝያ ወር ሕመማቸው ስለጠና ሆስፒታል ገቡ። የተቋሙ ደንብ ከፈራሚዎቹ አንዱ ከሞተ በሕይወት ያለው ፊርማ ይበቃል ይላል። ይህን እኛ ቤተሰቦቻቸው ያወቅነው ዘግይተን ነው። ተቋሙ ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ለጤንነታቸው የሚጠይቅ ስልክ በዝቶ ነበር። አሳቢነቱ የት ከርሞ እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

ግንቦት ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓንቴ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል መጡ። ጓንት አላደረጉም። ክፍሉ ውስጥ የእታለም ሴት ልጅና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነበርን። ጓንቴ ወንበር አልያዙም፤ ቆመው ተናገሩ። የተናገሩትንም እዚህ እንዳነብ ራሳቸው ፈቅደውልኛል፦

«እታለም፣ ጆሮዬን አላመመኝም ነበር። እኔም ነክቻለሁ። ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ፤ እርስዎ ነዎት ብዬ ሁለት ጊዜ መለስሁ። ሜትሬን ሰጠሁ፤ ተቀበለኝ። ወጣሁ። ገመድ ያዡን ‹እታለምስ አልወጡም?› አልኋቸው። ‹እሷማ ገና ከማዕዘኑ አልተነሣችም፤ ገመዷም አልተነቃነቀም› አሉኝ።»

እታለም «ስንተኛው ሜትር ላይ?» አሉ።

«አራተኛው።»

«ጓንት ለብሰህ ነበር?»

«ለብሼ ነበር። በጓንቱ ላይ ራሱ ይሞቅ ነበር።»

እኔ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። ታች ያለው ነገር እሷ እንዳልሆነች ካወቁ፣ እሷ ገና ውሃ ውስጥ እያለች ገመዷን ለምን አላስጎተቱም? ጓንቴም «ማን ያምነኛል ብዬ ነው» አሉ። ሰው ታች ትተው ስለ መታመን ያስባሉ! ወንበሩን ማንሣቴን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እታለም ግን በዚያ በቀረቻቸው ትንፋሽ «ተወው አንተ፤ ሰውዬው ጆሮውን ታሞ እኮ ነው» አሉ። ጓንቴ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ አለቀሱም።

እህታችን የሚያሰላስሉት ሌላ ነበር። ከምሥራቅ ዘጠኝ፣ ከምዕራብ አራት። ሃያ ስድስት ሜትር ግድግዳ መሃል ዐሥራ ሦስት ሜትር ማንም አልዳሰሰውም። ሁለቱ እጆች የተጨበጡት ባልተዳሰሰው ክፍል ሁለት ጫፎች ላይ ነው። «ከሁለቱም በኩል አቆመን ማለት ነው» አሉ ዝግ ብለው። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። ሰው ቤት ሄዶ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ እንደቆመበት ጨዋ ሰው ነበር የሆኑት። «ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቤቱ ሰው አለበት ወይ የለበትም፣ ያንን ለክቶ የሚናገር ይናገር። እኔ የማውቀው ግባ አለመባላችንን ነው።»

ጓንቴን ሁለት ነገር ጠየቋቸው። አንደኛው ፊርማቸውን እንዲያነሡ ነው። ሁለተኛው የሆነውን በሰው ፊት በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ነው። «በወረቀት ብቻ ካደረግኸው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከፋይል የወጣ ጠላቂ የለም» አሏቸው። ጓንቴ ሁለቱንም እሺ አሉ። ፊርማቸውን ያነሡበት ደብዳቤ ትናንት ገቢ ሆኗል። ከፊት ያላችሁት ሰዎች ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሳትገቡ በቀጥታ ወደዚህ ስለመጣችሁ ገና አላያችሁት ይሆናል። አንድም ጠላቂ ያልፈረመበት ንድፍ ንድፍ አይደለም። ቆፋሪው መርከብ ዝገቱን ይቀጥል።

እህታችን በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከተቋሙ የመጣው የአበባ ጉንጉን ቤታችን የደረሰው ገና እኛ ለዘመድ ደውለን ሳንጨርስ ነው። መቼ እንደታዘዘ አልጠየቅንም። ቀብራቸው በኮረብታው ላይ በደረቅ መሬት እንዲሆን ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ሦስት እህትና ወንድሞች እንዲሁም የሰመጠ ሰፈር ትተዋል። ሰፈሩ ወራሽ የለውም፤ ጠባቂ ግን ዛሬ አግኝቷል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ወደ መቃብሩ ከመውጣታችን በፊት ባልደረባቸው ተነሥተው ይናገራሉ። የቤተሰቡ ጥያቄ አንድ ነው፤ እስኪጨርሱ ድረስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ፣ ማንም እንዳይስቅ። ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ አሁን ለሚነሡት ሰው ደግሞ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ይስጥልን።